ቱክ ቱክ የማይል ወፍጮ

ሥራነሽ ማለዳ የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነች። አዲሱ የመብራት ሞተር እምም አለና የወፍጮውን ድንጋይ ማዞር ጀመረ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የናፍጣ ሽታ የለ። ብቻዋን ሳቀች፤ ደስታው ሊያስጨፍራት ምንም አልቀረው።

አባቷ አቶ ሙላት ደጃፉ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። ከቁይ ከተማ ብዙም በማይርቀው በዚህ መንደር ሠላሳ ዓመት በናፍጣ ሞተር እህል ሲፈጩ የኖሩ ሰው ናቸው። የመብራት ምሰሶ ከተተከለ ጀምሮ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምናቸው ቆይታ፣ እሺ ያሉት በአንድ ውል ነው።

«እስከ ቀትር ሰው ወረፋ ካልያዘልሽ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ወደ ናፍጣው ሞተር ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የመብራት ነገር እንዳታነሽብኝ።»

ምን ያስፈራታል? ነገ ገበያ ነው፣ ዛሬ በዓል የለም። አገሩ ሁሉ እህሉን ጭኖ የሚመጣበት ቀን ነው።

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የመጣ የለም። አራት ሰዓትም ሆነ፤ ያው ነው። ሥራነሽ ወጣ እያለች መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ ያልቆሸሸውን ትጠርጋለች።

«ዱቄቱ መብራት መብራት ይሸታል ብለው ይሆናል» አሉ አባቷ በሹፈት።

እሳቸው ሞተሩን ከደብረ ማርቆስ ያስመጡ ጊዜ፣ የውሃ ወፍጮ የለመደው ሰው «ናፍጣ ይሸታል» ብሎ ወር ሙሉ እንደ ሸሻቸው ግን አላነሱም። የገዛ እናታቸው እንኳ ከእጅ ወፍጮዬ አልነሣም ብለው ሙጭጭ ብለው ነበር። ሥራነሽ ይህን ሁሉ ታውቃለች።

አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ዘመናይ ጤፍ የጫነች አህያ እየነዳች በደጁ አለፈች።

«እትየ ዘመናይ፣ ወዴት ነው?»

«ወንዝ ማዶ ላስፈጭ ነዋ። የእናንተ ተበላሽቶ የለ? ከጧት ጀምሮ ጆሯችንን አቁመን ብንጠብቅ ጭጭ አለ።»

ሥራነሽ ግንባሯን መታች። ምን ዓይነት ጅል ናት! የናፍጣው ሞተር ቱክ ቱክ ሲል ከጋራ ጋራ ይሰማል። በዚህ አገር ያን ድምፅ ሳይሰማ አህያ የሚጭን ሰው የለም።

ሮጣ ገባችና እጀታውን አዙራ የናፍጣውን ሞተር አስነሣችው። ቺንጋው የመብራቱ ላይ ስለሆነ ምንም አይፈጭም፤ ሥራ ፈትቶ ይጮሃል እንጂ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብለው ጮኹ አባቷ።

«እየጠራሁ ነዋ፣ አባየ!»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አህያው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወረፋው አጥሩን አልፎ ነበር። ሥራነሽ የናፍጣውን አጠፋችና የመብራቱን ቁልፍ ተጫነች።

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለወፍጮውን አጠገቡ ቆመው ሲያሙት ኖረዋል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማቸዋል? ዛሬ ግን የሚሰማው የድንጋዩ ማጉረምረም ብቻ ነው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ለዘመናይ እንዲህ አሏት፦

«አያ ሙላት ግን ወፍጮውን ለልጁ ለመልቀቅ ምን ይጠብቃል? ድንጋዩን የምትወቅር እሷ፣ ቺንጋ ሲበጠስ የምትጠግን እሷ። ሞተሩን ማስነሣት ካቃተውም ሁለት ዓመቱ። ሰው ፊት እንዳያፍር ብላ ጎሕ ሳይቀድ እየገባች ታስነሣለታለች። አገር ያውቃል እኮ!»

ወረፋው በሙሉ ወደ አቶ ሙላት ዞረ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሥራነሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ያንን ምስጢር ለሰው ተንፍሳ አታውቅም።

አቶ ሙላት ተነሡ። ቺንጋውን ሊያወልቁ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ በአጠገቧ አልፈው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ አንድ ቁና ገብስ ታቅፈዋል። ማንንም ሳያዩ እስከ ወረፋው ጫፍ ሄደው፣ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ቆሙ። ሴትዮዋ ደንግጣ ልታሳልፋቸው ብትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ባለወፍጮዋ፣» አሉ ከዚያው ሆነው፣ «ተራዬ ሲደርስ ጥሪኝ።»