የገንዳው መሠዊያ

ራልፍ ስቶባርት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጥገና ገንዳ የገባ መርከብ በግንድ ሲደግፍ ኖሮ፣ ስለ ገንዳው እንዲናገር የተመረጠው ሌስ ፐርቪስ ሆነ። ሌስ! ሰባት ዓመት ቀለም ቤት ተቀምጦ የቀለም ቆርቆሮ ሲያድል የነበረው ሌስ። በታይን ወንዝ ዳር ያለው የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ቅርስ ተብሎ ድንጋዩ እንዳይነካ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ እየመራ ወደ ደረቁ ወለል የሚወርደው እሱ ነው። ምላስ አለዋ። ራልፍ ከላይ አጥሩን ተደግፎ ሲያየው አንጀቱ ያርራል።

አንድ ቀን ሌስ ራሱ መጥቶ ጠየቀው። በገንዳው ግድግዳ ላይ ያሉትን የድንጋይ እርከኖች ሠራተኛው «መሠዊያ» ይላቸው ነበር፤ ለምን? ራልፍም አያውቅም፤ ለሌስ አላውቅም ማለት ግን ሞት ነው። ደግሞ አዲስ ሰው ማታለል የመርከብ ግቢው ወግ ነው፤ ራልፍንም በመጀመሪያ ቀኑ የሌለ ዥንጉርጉር ቀለም ፍለጋ ግማሽ ቀን አዙረውታል።

«ውሃው ወደ ገንዳው ከመለቀቁ በፊት እንጸልይባቸው ነበር» አለው ኮስተር ብሎ። «ቆባችንን አውልቀን፣ ሥራ ላይ ለሞቱት።»

«እኔ እኮ አንድም ቀን አላየሁ።»

«አንተ ቀለም ቤት ነበርካ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ በሆዱ፣ ራልፍ ሌስ የሚሳቅበትን ቅዳሜ ጠበቀ። ሌስ ታሪኩን ለጎብኚዎች ሲያወራ የሳቀ የለም። ሴቶች አለቀሱ። በመከር ወራት የቅርስ ቢሮዋ ወጣት ጆስሊን ጽሑፍ ያለበት የነሐስ ሰሌዳ አሠራች፤ ድንጋዩ አይነካምና በእንጨት ምሰሶ ላይ አቆመችው። «ሠራተኞች እዚህ ይጸልዩ ነበር» ይላል፤ ከሥሩ የሌስ ፐርቪስ ስም።

በምረቃው ዕለት ራልፍ ዝም ማለት አልቻለም። ምርኩዙን ይዞ ደረጃውን ወረደና በሰው ፊት ተናገረ። ውሸት ነው፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ የጸለየ የለም አለ።

ሌስ ትከሻውን አቀፈው። «አትፍረዱበት» አለ ለሰዉ። «የሞቱት ጓደኞቹ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ እንዲህ ያደርገዋል።»

ሰዉ ሁሉ በሐዘኔታ አየው። ራልፍ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ሦስተኛው እርከን ላይ ወደቀ። የሥራ ጓደኛው ቶም ሄድሊ በውርጭ ተንሸራቶ የሞተው ከዚያ ወድቆ ነው። ያን ዕለት ሬሳውን አንሥተው ከሰዓት ወደ ሥራ ተመለሱ፤ የጸለየለት የለም፤ ራልፍም ጭምር።

አፈረ። እጁን ወደ ቆቡ ሰደደ።

ሌስ ቀድሞት የራሱን አውልቆ ነበር።