ከማድረቂያው ስር ሦስት ቀን

ጋሽ መስመር ስሙ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ላውንደሪ ልብስ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። ሱሪ ላይ የሚያወጣው መስመር ጣት ይቆርጣል እየተባለ ሲቀለድ፣ ዋናው ስሙ ተረስቶ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። ሥራውን የሚወድ፣ ከሰው የማይጣላ፣ በሰዓቱ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥፋት ሲያጠፋ አያውቅበትም። ከልምድ ማነስ የተነሳ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ጥፋቱ የተፈጸመው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በቀኝ እጁ ካውያውን ይዞ በግራው ከክምሩ ሱሪ ሲስብ፣ ጥቁርና ቡናማ ቀበቶ ተንጠልጥሎ አየ። ደንበኞች ሱሪያቸውን ከነቀበቶው መስጠት ይወዳሉ። እሱም በቀን ሁለት ሦስቱን እየመዘዘ ግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ለምዷል። ይሄኛውን ሲይዘው ግን ቀበቶው መልሶ ያዘው። ጋሽ መስመር ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ጮኸና የሚያደርገውን ሳያውቅ የጋለውን ካውያ ከላዩ ላይ ጫነበት። እባቡ ተጠማዝዞ ወደቀ፤ እየተንፏቀቀም ከማድረቂያው ማሽን ስር ገባ። ሰውዬው ልብ ሲገዛ ራሱን ያገኘው ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነው። ደግነቱ ማንም አላየውም።

ለምን ወዲያው አልተናገረም? መጀመሪያ አፈረ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ እሪ አልኩ ብሎ እንዴት ይናገር? በማግስቱ ደግሞ “ትናንት ምን ዘጋህ?” የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ታየው። በሦስተኛው ቀን ጥያቄው የባሰ ከባድ ሆነ። እንዲህ እያለ ከማድረቂያው ሁለት እርምጃ ርቆ ሸሚዝ ሲተኩስ ዋለ። አንዴ ከስር የሆነ ነገር ሲንሸራተት ሰምቷል። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ዓርብ ዕለት የላውንደሪው ባለቤት ስትጠርግ እባቧን ከማድረቂያው ስር አገኘቻት። ሴትዮዋ ቆፍጣና ናት፤ አልጮኸችም፤ ስልኳን አንስታ ደወለች። የደወለችውም ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለራሱ ለጋሽ መስመር ልጅ ነው፤ ልጅቱ እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ልምምድ ላይ ናት። እሱ በዚያ ሰዓት ልብስ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ሳጥን፣ ከሳጥኑ በላይ አምፖል፣ ከአምፖሉ ስር ደግሞ ያቺው እባብ ተጠቅልላ ጠበቀችው።

“አባዬ፣ እንዳትደነግጥ፤ መርዝ የላትም” አለች ልጁ። “ከላውንደሪው በላይ የነበረው ተከራይ ሲለቅ ጥሏት የሄደ የቤት እባብ ናት።”

“ቀበቶ መስላኝ…” አለና አፉን ያዘ።

ልጅቱ ሳቀች። “እውነትህን ነው፣ ቁርጥ ቀበቶ!” ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእባቧ ስም ቀበቶ ሆነ። በቀን ሃያ ጊዜ በዚያ ስም ትጠራለች፤ ጋሽ መስመርም በቀን ሃያ ጊዜ ልቡ ድንግጥ ይላል።

ሚስቱ መጀመሪያ “ወይ እሷ ወይ እኔ” ብላ ነበር። የእባቧ ወገብ ላይ ያለውን ቁስል ስታይ ግን ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች። የካውያ አፍ የሚያህል ባይሆንም፣ ጫፉን የሚያህል ቆዳ ተገሽልጦ ነበር። “እጁ ይቆረጥ፣ ይህን ያደረገ!” አለች። ጋሽ መስመር እጁን ኪሱ ከተተ።

የክሊኒኩ ዋና ሐኪም ሁለት ሳምንት ሰጥታለች። ቁስሉ በየቀኑ ቅባት ይፈልጋል፤ ቀበቶ ግን ሰው ሲነካት ትወራጫለች፤ ስትወራጭ ቁስሉ ይከፈታል። ምግብም አትቀምስም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተረጋጋች ከምትሰቃይ በመርፌ እናሳርፋታለን ተባለ። ልጅቱ ይህችን እንስሳ የመጀመሪያ በሽተኛዋ አድርጋ ይዛታለች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ቅባቷን ይዛ ስትቀርብ ቀበቶ መስታወቱን በአፍንጫዋ ትደበድባለች።

“ሽታ ነው የሚያላምዳት” አለች አንድ ቀን። “በምላሷ ነው የምታሸተው። አባዬ፣ የለበስከውን ሸሚዝ ስጠኝና ሳጥኗ ውስጥ ላድርገው፤ አንተን እንኳ ብትለምድ ታግዘኛለህ።”

እንዴት እምቢ ይበል? የሥራ ሸሚዙን አውልቆ ሰጣት። ቀበቶ ምላሷን አንዴ ወደ ጨርቁ ዘረጋች፤ ከዚያ የሆነውን ባያዩት ይሻላል። ማዕዘኑ ውስጥ ተሰነቀረች፣ ክዳኑን ገፋች፣ ቁስሉ ተከፍቶ መስታወቱ ደም ነካ። ልጅቱ ሸሚዙን ጎትታ አወጣችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“እኔ ነኝ” አለች። “እጄ ነው። አንዳንድ ሰው ለእንስሳ የሚሆን እጅ የለውም፤ እኔ የለኝም።”

ጋሽ መስመር ሸሚዙን አንስቶ አሸተተ። ኮሌታ የሚያጠነክርበት ስታርች፣ እንፋሎት፣ ትንሽ የተቃጠለ ጨርቅ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረበት፣ እሱ ራሱ እስከማይሰማው ድረስ የለመደው ሽታ። የማክሰኞ ሽታ። ነገሩ ገባው። ከዚያም የባሰው ገባው፤ ያን የልጁን ነጭ ጋውን ስታርች ረጭቶ፣ እጅጌውን እንደ ካርቶን አድርጎ የሚተኩሰው ማን ሆነና? እሱ ነው። አምስት ጋውን ተኩሶ ቁምሳጥኗ ውስጥ ሰቅሎላታል፤ ልጄ ከሐኪሞቹ እንዳታንስ ብሎ። እባቧ የምትሸሸው ከልጅቱ እጅ ሳይሆን ከአባትየው እጅ ሥራ ነው።

እዚያው ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “ጋውንሽን አውልቂ” ቢላት ያልቃል። ግን “ለምን?” ትለዋለች። ለምን ከተባለ ደግሞ ማክሰኞ ይመጣል፣ ረቡዕ ይመጣል፣ ሬዲዮውም ይመጣል። ልጁን ወለሉ ላይ ትቷት ገላውን ሊታጠብ ገባ።

በማግስቱ ለላውንደሪው ባለቤት “ወገቤን ይዞኛል” ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ካውያ ሳይነካ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና እየታጠበ፣ አዲስ ካናቴራ ለብሶ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። እጁን ከላይ አይሰድም፤ በጎን አስገብቶ መዳፉን እንደ ሞተ ሰው ይዘረጋዋል። መጀመሪያ ቀን ቀበቶ ጀርባዋን ሰጠችው። ሦስተኛው ቀን ምላሷን ላከች፣ ሰበሰበች፣ ደግማ ላከች። አምስተኛው ቀን አገጯን አውራ ጣቱ ላይ አስደገፈች። ጋሽ መስመር እንባው መጣ፤ ደስታ መስሎት ነበር፣ አልነበረም። የምታምነው ሰው ማን እንደሆነ ቢገባት ኖሮ አገጯን እዚያ አታኖርም። ሊሰርቅ የገባ ሌባ የቤቱ ባለቤት ምግብ ሲያቀርብለት እንደሚሰማው ዓይነት ሆነበት።

በስምንተኛው ቀን እጁ ላይ እንዳለች ራሱ ቅባቱን ቀባት፤ አልተወራጨችም። በዘጠነኛው ቀን የቀረበላትን ዋጠች። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ሚስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ “የኔ ባል እኮ እባብ ያስጎነብሳል” እያለች አፏን ሞልታ አወራች። ልጅቱ ግን ጋውኗን ለብሳ ስትቀርብ ቀበቶ አሁንም ወደ ማዕዘኑ ትሸሻለች። ልጅቱም አሁን አትቆጣም፤ ዝም ብላ ወደ ኋላ ትላለች። ጋሽ መስመር ያን ወደ ኋላ ማለት በየቀኑ ያያል፤ አይቶም ዝም ይላል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበቶ አንጓው ላይ እንደ አምባር ተጠምጥማ ሳለ፣ ልጅቱ ከክሊኒክ መጥታ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

“ሐኪሟ፣ ቀበቶ ተርፋለች አለች። ሁሉም ያንተን እጅ ነው የሚያወሩት።” ፈገግ አለች። “እኔም ነገ ማመልከቻዬን አስገባለሁ፤ ልምምዱን ልተወው ነው። አይክፋህ አባዬ። አንተ በሳምንት ያደረግከውን እኔ አቃተኝ። ቢያንስ ከቤታችን አንድ ሰው እጁ ለዚህ ተፈጥሯል።”

“እጅሽ አይደለም” አለ።

“ምኑ?”

“ጋውንሽ ነው። ስታርቹ ነው። ያን ሽታ ታውቀዋለች። ካውያዬ ነው ያቃጠላት። ማክሰኞ ዕለት ቀበቶ መስላኝ ያዝኳት፣ ደነገጥኩ፣ ጫንኩባት።”

ልጅቱ ፊቷ ባዶ ሆነ። ለአፍታ ይቅር ልትለው የተዘጋጀች መሰለች፤ ድንጋጤ የሰው ነውና። “ማክሰኞ ነው ያልከው?”

“ማክሰኞ።”

“የተገኘችው ግን ዓርብ ነው።”

“አዎ።”

“እዚያ ስር እንዳለች ታውቅ ነበር?”

“ድምፅዋን ሰምቻለሁ” አለ ጋሽ መስመር። “ካውያውስ ድንጋጤ ነው። ሦስቱ ቀን ግን እኔ ነኝ። ሽታው መሆኑን ካወቅኩ በኋላም፣ አንቺ ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ እጄ ነው ስትዪ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።”

ልጅቱ የጋውኗን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ አውልቃ ከበሩ ውጭ ወረወረችው። ታጥባ ተመለሰች። በቀጭን ሸሚዟ፣ ክንዷ ባዶውን ሆኖ፣ ቀረበችና እጇን በጎን ሰጠቻት። ቀበቶ ምላሷን ላከች። አልሸሸችም። አንገቷን አስረዝማ የልጅቱን ጣት ዳሰሰች፤ ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች።

“ስጠኝ” አለች፤ አባዬ አላለችም።

ሊሰጣት ሞከረ። ቀበቶ ግን ጭራዋን አንጓው ላይ አጠበቀች። ልጅቱ ልትፈታት ጎንበስ አለች፤ ይዛ ልትፈታት የምትችልበት ቦታ ላይ ያለው አዲሱ ቆዳ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ቢጎትቷት ይቀደዳል። እጇን መለሰች።

“ራሷ እስክትለቅህ መጠበቅ ነው” አለች። “እንዳትንቀሳቀስ። ላንተ ብዬ አይደለም።”

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ ዓይኗን ከእባቧ ሳታነሳ፣ እጇን ከእጁ ስር ዘርግታ። ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። የጋሽ መስመር ክንድ መደንዘዝ ጀመረ። ምነው ባትለቀኝ ብሎ ተመኘ፤ እባቧ እስካልለቀቀችው ድረስ ልጁ ከጎኑ አትነሳምና። ያን መመኘቱን ራሱን ልጁ እንዳታይበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።