ጠርዙ ያረረው ቅጠል

ልብስ ሰፊዋ ልጅ የወላጆቿ ሳሎን አበባ ነገር ግራ ገብቷታል። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ እሳት እንደነካው ያርራል፣ ከዚያ ይረግፋል። ውሃ ጠማው ብላ አጠጣች፤ በዛበት ብላ ተወች። ፀሐይ ይሆናል ብላ ከመስኮቱ አንስታ አባቷ ወንበር አጠገብ ብታስቀምጠው ጭራሽ ባሰበት። እናትየው በበኩሏ "ያቺ ጎረቤታችን በዓይኗ በልታው ነው" ብላ ደምድማለች።

ለአበባው እንኳ ያን ያህል ማንም አልተጨነቀም፤ ያስጨነቀው አባትየው ነው። ጡረታ የወጣው ሹፌር፣ ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ፣ ከስቶ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። ሐኪም ቢመረምር ቢመረምር ምንም አላገኘበትም። ልጅቱ ሱሪውን ደጋግማ አጥብባለታለች።

እሁድ ዕለት አፈሩን ልትቀይር አበባውን ከነሥሩ ነቀለችው። አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ጋግሯል፤ ሥሩ በስብሷል። በመሀሉ ደግሞ የካሮት ቁራጭ፣ ድንች፣ የሻገተ ፓስታ!

"ኧረ ጉድ! አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ሾርባ አይደለም እንዴ?"

አባትየው ባዶ ሳህኑን እንደታቀፈ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ አየ። "ቀስ በይ፣ እናትሽ እንዳትሰማ!"

"ሊሞትብን ነው ብለን ስንንሰፈሰፍ አንተ አበባ ትቀልባለህ?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ጨው ብቻ ነው፤ አይወርድልኝም። ሰፈሩ ሙያዋን የመሰከረላትን ሴትዮ ምን ብዬ ልንገራት?"

ልጅቱ አላመነችውም። እሷ ምሳም እራትም የምትበላው ስፌት ቤቷ ነው፤ የእናቷን ወጥ ቤት ከረገጠች ቆይታለች። ሄዳ ከድስቱ በማንኪያ ቀመሰች። እንትፍ! ምላሷ ተኮማተረ።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለች እናትየው ከኋላዋ መጥታ።

"እማዬ፣ እስቲ አንቺው ቅመሽው።"

እናትየው ፉት አለች። ልጅቱ አሁን ትተፋዋለች ብላ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች። እናትየው አልተፋችውም፤ ደግማ ፉት አለችና አጣጥማ ዋጠች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች የልጇን ዓይን ዓይን አየች።

"ጨው አነሰው እንዴ?"

ልጅቱ ክው አለች። እናቷ ምንም አይጣፍጣትም፣ ምንም አይመርራትም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በግምት ነበር የምታበስለው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

"እኔ ሞኙ" አለ፣ "ጨው የምታበዢብኝ ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ።"