የትራንዚስተሩ ጥም

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የጋሼ እህት ያቺን ሰዓት መቼም አትረሳትም። ጋሼ በማግስቱ ሆስፒታል ሊገባ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ዓመት ሙሉ የለፋበት የድምፅ ማጉያ ትንፍሽ ሳይል ተጋድሟል። ሳይሰማው እንዳይሄድ ነበር ጭንቋ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ራዲዮ ጠጋኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዛል፣ እሷ ትበይዳለች። ማጉያው ክፍል ዲ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ትራንዚስተሮቹ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ወይ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ፣ ወይ ወለል ብለው ይከፈታሉ። መሀል ላይ ያመነታ ይቃጠላል። ትናንት አራቱ ነደዱ። አሁን የተበየዱት ሌሎቹ አራቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ጋሼ ወደ ትራንዚስተሮቹ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካውን ሜትር አየ።

"ሜትሩ እኮ ሠላሳ ሚሊአምፔር ነው ያለው። ያቺ ትራንዚስተሮቹን የምትከፍታቸው ቺፕ ይቺን መስጠት እንዴት ያቅታታል?"

"ሜትሩም እንዳንተ ግትር ሆኖ ይሆናላ!"

"ምላስሽ ከመበየጃ ካውያው ይብስ ያቃጥላል!"

እየሳቀች የውሃ ብርጭቆዋን አነሳችና በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ አደረገችው። ጋሼ ትክ ብሎ አያት።

"ዛሬ ስንት ጠጣሽ?"

"ይቺኑ አንድ ብርጭቆ።"

"ለቀኑ ብናካፍላት ጠብ ጠብ ናት። አንቺ ግን ባንዴ ጨለጥሻት። ሜትሩ የሚነግረን አማካዩን፣ ጠብታውን ነው፣ እቴ! ጭለጣውን አይደለም።"

ጠረጴዛው አቧራ ላይ በጣቱ አሰላ። አንዱ ትራንዚስተር ለመከፈት የሚውጠውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለሚከፈትበት ቅጽበት አካፈለ፤ ሁለት አምፔር። ጥንድ ጥንድ ሆነው አብረው ስለሚከፈቱ ደግሞ አራት። ቺፗ የምትችለው ሁለት ብቻ ነበር፤ ለዚህ ነው የትናንቶቹ መሀል ላይ እያመነቱ የነደዱት።

 እሱ ያለመው ሰፈሩን የሚያናውጥ ድምፅ ነው።

"ከየጥንዱ አንዱን ልንቀለው?" አለች ቀስ ብላ።

"ድምፁ ይቀንሳላ።"

"ለሁለታችን ጆሮ መች ያንሳል፣ ጋሼ?"

አቧራው ላይ ያሰላውን በመዳፉ አበሰና፣ "በይ ንቀይው" አለ።

ማብሪያውን በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ራሱ ተጫነ። በልጅነታቸው አባታቸው እነሱን የቀዳበት ካሴት መዝፈን ጀመረ፤ እሷ እየተኮላተፈች፣ እሱ ግጥሙን እየሳተ። የትራንዚስተሮቹን ማቀዝቀዣ ብረት ዳበሰችው። ለብ ብሏል እንጂ አላቃጠላትም።

"ስትኮላተፊ እንኳ ከኔ ትቀድሚያለሽ" አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ጋሼ ከሆስፒታል አልተመለሰም። በኋላ አቅም ያላት ቺፕ ገዝታ ነበር፤ አልገጠመቻትም። ማጉያው ዛሬም በሁለት ትራንዚስተር ይሠራል።