ሽማግሌው ጋሪው ላይ፣ አሮጊቷ ፔዳሉ ላይ

ክላቭዲያ ገና ከጠዋቱ ደክሟታል። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ፈልጣ፣ ምድጃ አንድዳ፣ ባሏን ፕሮሆርን አልብሳ ስታበቃ፣ ይኸው ደግሞ ከዕቃ ቤቱ ሞተር ሳይክል እየጎተተች ነው። ግቢው ጭቃ ነው፤ ከጣሪያው ላይ የሚቀልጠው በረዶ አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሆዷ ውስጥ ያለው ድንችና ጎመን ብቻ ነው። የአሮጊት ጉልበት በድንችና በጎመን እስከየት ይሄዳል።

«ቀስ አድርጊው እንጂ፣ ላም አይደለም የምትጎትቺው» አለ ፕሮሆር፣ በሩ ላይ በከዘራው ተደግፎ።

«ላም ቢሆንማ በእግሩ ይሄድልኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኸር ፕሮሆርን ሕመም ጣለውና ግራ ጎኑ ሰነፈ። ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ራይሳ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ «አባ፣ እኔ ጋ ግቡ፣ ክፍል አለኝ» ብላ ለመነችው። እሱ ደግሞ «በረዶው ሲለቅ ሞተሬ ከተነሳ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም። እምቢ ካለ ውሰጂን» አላት። በዚሁ ተስማሙ። ዛሬ ማታ ራይሳ መልሱን ልትሰማ ትደውላለች።

ክላቭዲያን ማንም አልጠየቃትም። ቢጠይቋት መሄድ ነው የምትፈልገው። ራይሳ ቤት ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል፤ ክፍሉ እንጨት ሳይፈለጥለት ይሞቃል፤ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ተሻግሮ ነው። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት በወላዲተ አምላክ ሥዕል ፊት ቆማ፣ «አይነሳ» የምትል ልመና ምላሷ ላይ ደርሳ ውጣታለች። ሰው በባሉ ላይ እንዲህ ብሎ ይጸልያል?

ፕሮሆርን ደግፋ ከሞተር ሳይክሉ ጎን የተገጠመው ጋሪ ውስጥ አስቀመጠችው። ዕድሜ ልኳን እሷ ነበረች እዚያ የምትቀመጠው፤ ገበያ ስትሄድ፣ ለመውለድ ስትሄድ፣ ልጆቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትሄድ።

ጎረቤታቸው ዚኖቪ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ምነው እትዬ ክላቭዲያ፣ ዘንድሮ ሹመት ተቀያየረ እንዴ?»

«አንተ መጀመሪያ አጥርህን አቃና።»

«እኔማ ሹፌሯ መንጃ ፈቃድ አላት ወይ ብዬ ነው።»

«ሂድ ወዲያ» አለ ፕሮሆር። ሳቁ ግን በደህናው የፊቱ ጎን መጣበት።

ባትሪው ክረምቱን ምድጃ አጠገብ ሲሞቅ ስለከረመ ደህና ነው፤ አምጥታ ገጠመችው። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎችም ፈትታ አጸዳች። ከጢስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ውስጥ በሽቦ የአይጥ ጎጆ ጎትታ ስታወጣ፣ ጎጆው የተሠራው ከፕሮሆር የሱፍ ካልሲ ሆኖ ተገኘ።

«ከኛ ይሻላሉ፣ ሞቋቸው ነው የከረሙት» አለች።

«በይ፣ ማስነሻ ፔዳሉን እርገጪው።»

ረገጠችው። ዝም። ደግማ ረገጠች። ጉልበቷ ቋ አለ እንጂ ሞተሩ ምንም አላለም።

«ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫኛት፤ ቤንዚን ማንጠባጠብ አለባት።»

ጎንበስ ብላ ተጫነች። «ደረቅ ነው።»

«በደንብ ጫኛት።»

«ጫንኳት። ደረቅ ነው ፕሮሆር።»

ፕሮሆር ጭኑ ላይ የተኛችውን ግራ እጁን የሰው ዕቃ እንደሚያይ አያት። «ከርሞ ተደፍኗል ማለት ነው። መፈታት አለበት። በዚች እጅ ማን ይፈታዋል» አለ። «በቃ። ራይሳ ረታች።»

ክላቭዲያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። በሽርጧ የቤንዚን መያዣውን፣ ሰርባቶዮውን ስትወለውል ግን ጣቷ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የቤንዚን መክፈቻ ነካች። ተዘግታለች። ፕሮሆር ሞተሩን ለክረምት ሲያቆም ሁልጊዜ በእጁ ይዘጋታል፤ በረዶው ሲለቅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እሷን ይከፍታል። ሚስቱን ቢረሳ እሷን አይረሳም ነበር። መክፈቻዋ ግን በግራ በኩል ናት፤ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ግራ ጎን ለእሱ የለም። ሲበላ እንኳ በሳህኑ ግራ በኩል ያለው ምግብ ሳይነካ ይቀራል።

መዋሸት አያስፈልጋትም። ዝም ብትል ይበቃል። ማታ ራይሳ ትደውላለች፣ አለቀ። ጌታ ሆይ፣ አፌን ባልከፍት ኃጢአት ነው? አለች በልቧ። መልሱን ባታውቀው ኖሮ አትጠይቅም ነበር።

«ፕሮሆር፣ ቤንዚኑ ተዘግቶ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«አንተ። ከመታመምህ በፊት።»

ቀስ ብሎ «ክፈቺው» አላት።

ከፈተችው። ቤንዚኑ እስኪወርድ ጠብቃ ረገጠችው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፤ ስትደግመው ጢሱን ተፍቶ ተነሳና ግቢውን አናወጠው። ዶሮዎቹ ተበተኑ። የዚኖቪ ውሻ ጮኸ።

«ሰማሽው?» አለ ፕሮሆር፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቶ። «ዘንድሮም እዚሁ ነን ማለት ነው።»

ክላቭዲያ ኮርቻውን ይዛ ቆመች። «ደክሞኛል» አለች።

«ምን አልሽ?»

ሞተሩን አጠፋችው። «ደክሞኛል ነው የምልህ። መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ተነሳ እኮ።»

«ተነሳ። የረገጥኩት ግን እኔ ነኝ።»

«መክፈቻዋን አይተሽ ለምን ዝም አላልሽም ታዲያ?» አላት ፕሮሆር።

«አታልዬህ ልሂድ? እዚያ ሆኜ በምን አፌ እጸልያለሁ?»

«ድንቹስ ሳይዘራ?»

«ዚኖቪ ይዝራው።»

«ራይሳ ያለችው ፎቅ ላይ ነው። ይሄን የት አቆመዋለሁ?»

«ታች በር ላይ።»

«ይሰርቁታል።»

«ማን አስነስቶ» አለች ክላቭዲያ።

ፕሮሆር በደህና እጁ የጋሪውን ጠርዝ ሲዳብስ ቆየ። «ከዚህ አውጪኝ» አለ በመጨረሻ። «ስልኩ ጋ ውሰጂኝ። እስክትደውል አልጠብቃትም፤ ውሰጂን ብዬ እኔው ራሴ ልንገራት።»

ክላቭዲያ እጆቿን በብብቱ ሥር አሾለከች፤ «በስመ አብ» ብላም አነሳችው። ከብዷታል።