የዋሻው ጆሮ

የፓርኩ አስጎብኚዎች ለጎብኚ የማይነግሩት አንድ ምስጢር አላቸው። በኖራ ድንጋዩ ተራራ ሆድ ውስጥ ካሉት ዋሻዎች ትልቁን «አዳራሹ» ይሉታል፤ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን የጎበጠ ነው። ባንደኛው ግድግዳ ሥር ጎብኚ አረፍ የሚልበት የድንጋይ መደብ አለ። ከማዶ፣ ሌላኛው ግድግዳ ላይ፣ የመብራት ማብሪያው ሳጥን ተሰቅሏል። መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲንሾካሾክ ድምፁ ጣሪያውን ተከትሎ ይሄድና ማብሪያው ዘንድ ለቆመው ሰው ጥርት ብሎ ይደርሰዋል። መሐል ላይ የቆመ ግን አንዲት ቃል አይሰማም። አስጎብኚዎቹ ቦታውን «ጆሮ» ብለውታል። «መብራት ልለውጥላችሁ» እያሉ ይሄዱና፣ ጎብኚው እንዴት እንደሚያማቸው ድምፃቸውን አጥፍተው አዳምጠው ይመለሳሉ። ነውር ነው? ነው እንጂ። ግን እስቲ ማን ነው እንዲህ ያለ ጆሮ አግኝቶ የማያዳምጥ?

ከሁሉም ጆሮን የምታዘወትረው ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ናት። ስሙ የወጣላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። ስለ ሌሊት ወፍ ማውራት ከጀመረች የሌሊት ወፎቹ ራሳቸው ይሰለቻሉ።

ያን ቀን ፓርኩ በር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀበለች። አንደኛዋ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገው ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል። የተደበቁ መስሏቸዋል። ሬዲዮ ግን ያንን አገጭ በደንብ ታውቀዋለች፤ የፓርኩ ሾፌር መኪና መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የሚውለው ፎቶ ላይ ያለው ነው። የሾፌሩ እናት! ሬዲዮና ሾፌሩ ሊጋቡ ተስማምተዋል። እሱ ግን ለእናቱ አንድ ነው፤ ቁርጡንም ነግሯታል። «እናቴ ካልወደደችሽ እኔ አቅም የለኝም» ብሏት ነበር። እንግዲህ እናትየው እህታቸውን አስከትለው፣ ልጅቷን ሳያሳውቁ ሊያዩዋት መጥተዋል ማለት ነው።

«እኛ እንዲሁ መንገደኞች ነን» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ» አለች ሬዲዮ፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና።

ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ላይ ሽኮኮዎች ቋጥኝ ላይ ተሰጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዲት ጦጣ የእህትየውን ብስኩት ከእጃቸው መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣችና እያየቻቸው በላች። ሬዲዮ ሳቋን ዋጥ አደረገች። የወደፊት አማት ፊት በዘመድ ብስኩት አይሳቅም።

አዳራሹ ውስጥ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸውና «መብራቱን ልለውጥላችሁ» ብላ ወደ ማዶ ገሰገሰች። ማብሪያውን ይዛ ጆሮዋን አቆመች።

«መልኳስ ደህና ነው» አለ የእናትየው ሹክሹክታ።

የሬዲዮ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከደስታዋ ብዛት «እሰይ!» አለች በትንፋሿ።

ሹክሹክታው ጥቂት ዝም ብሎ ቀጠለ። «አፏ ግን! ልጄ ቤት ቴሌቪዥን አለ፤ ሁለተኛ ምን ያደርግለታል?»

ሬዲዮ ዝም አይነቅዝም ብላ አፏን ዘግታ ተመለሰች። ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ዘንጎች በጣቷ ብቻ እያመለከተች አሳየቻቸው። «ይሄ ለመብቀል ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት?» ብለው ሲጠይቋት «ብዙ» አለች። የምታውቀው ነገር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ይተናነቃታል፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው። ከዚያ ቀዩን መብራት በአረንጓዴ ልለውጥ ብላ እንደገና ሄደች።

«ደግሞ ምን ዘጋት?» አለ ሹክሹክታው። «እንዲህ ከምትኮፈስ ዘፈን የምትወድ ምራት ብትሆን ይሻለኝ ነበር።»

ሬዲዮ እየዘፈነች ተመለሰች። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ድምፅ ሲታደል እሷ ሌላ ወረፋ ላይ ነበረች። የሌሊት ወፎቹ ከእንቅልፋቸው ባነው ጣሪያ ጣሪያውን ተራወጡ። እህትየው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሏት ሬዲዮ አንድ ስንኝ ጨመረችላቸው።

አሁን ተሳካልኝ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጆሮ ሮጠች።

«አረማመዷን አየሽው? ደረቷን ነፍታ! ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው።»

ሬዲዮ መርፌ እንደጠፋበት ሰው መሬት መሬቱን እያየች፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብላ መጣች፤ እንደዚያው ጎንበስ ብላ ዞረች፤ እንደዚያው ሄደች። ማብሪያው ዘንድ ስትደርስ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች።

«ወይኔ ልጄን» አለ ሹክሹክታው፣ «ጎባጣ ሊያገባ ነው!»

የሬዲዮ ደም ፈላ። «ኤጭ! እኚህ ሴትዮስ አበዙት!» ብላ አጉረመረመች። «እንዲህ ከሳሱለት ልጃቸውን ዋሻ ውስጥ ቆልፈው አያስቀምጡትም? ይኸው ዋሻ ሞልቷል!»

የሚሰማው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው።

«ኪራዩ ስንት ነው?» አለ ግድግዳው።

ሬዲዮ ምድር ውስጥ ቆማ ምድር ተከፍታ እንድትውጣት ተመኘች። አስጎብኚዎቹ እዚያ ቦታ ሲቆሙ ለማዳመጥ እንጂ ለመናገር ስላልነበረ፣ ጆሮው አፍም እንዳለው ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም።

«ማብሪያውን እንዳትለቂው፤ ጨለማ እፈራለሁ» አሉ እናትየው። «እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ ቤት ነው፤ ማዞሪያ ላይ መስመር ሳገናኝ። መስመር ውስጥ ሌላ ሰው ሲተነፍስ አይጠፋኝም። ገና ‹እሰይ› ስትይ ነው የያዝኩሽ።»

«ታዲያ... ዘፈኑስ?» አለች ሬዲዮ።

«ዘፈኑ ለእህቴ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልኩትን ሁሉ...»

«ያልሽውንማ እንዳትመልሺው!» የእናትየው ድምፅ ወፈር አለ። «እኔ አማቴ ያለችኝን ሁሉ እሺ እያልኩ ነው የኖርኩት። አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ ከማን ጋር እንደኖረች ሳታውቅ ሞተች። እኔም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺም እንደ በቅሎ ወደ ሳብኩሽ ስትሳቢ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ‹ይህችም እንደኔ ናት፣ እንሂድ› ብዬ እህቴን ላስነሣት ስል ነው የተሳደብሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ።»

ሬዲዮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እሺ እማማ» አለች።

«አሁን ምን አልኩሽ?»

ሬዲዮ ትንሽ አሰበችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲያው እውነቱን ልንገርዎት? የተቀመጡት የሌሊት ወፎቹ ሥር ነው። ሻሽዎ ከቅድም ጀምሮ ኩስ በኩስ ሆኗል። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

የእናትየው ጩኸት ያለ ጆሮ እርዳታ አዳራሹን አቋርጦ ደረሳት።