ግድግዳ ውስጥ የሚገባው መንገድ

ኧረ ስሙኝ፣ ግድግዳው በር ነበር! በቃ ዋናውን ነገርኳችሁ፤ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው። ወለሉ ላይ በእግር ብዛት የተበላው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ግድግዳ ውስጥ ይገባል! እስቲ አስቡት፣ ማን ነው ግድግዳ ሰንጥቆ የሚወጣ የሚገባው?

ይህን ያገኘችው እናቷ «ወይዘሪት ለምን» የምትላት ልጅ ናት። «ብዪ» ሲሏት «ለምን?»፣ «ተኚ» ሲሏት «ለምን?» ነው እኮ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩትም የሚሠሩትም አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ጥግ ላይ አልጋው፣ መሃል ደግሞ ያ ጉደኛ የጣውላ ወለል። አልቆ አልቆ ወረቀት አክሏል! መርፌ ከወደቀ ደህና ሰንብች ነው፣ ስንጥቁ ይውጠዋል። ባለፈው ሳምንት የእናትየው የጫማ ተረከዝ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ዘፍ አለችና የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ። ልብስ ሰፊ ያለ ቀኝ እጅ ምን ትሆናለች?

አከራዩ ተጠርተው መጡ፣ አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። ሰውየው እንደሁ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ናቸው።

«እህቴ፣ ይሄን ወለል የጨረሽው አንቺ ነሽ። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስትረግጪ፣ ደንበኛ ሲወጣ ሲገባ፣ ጣውላ ብረት ነው እንዴ? እዚህ ጋ ‹ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አሳድሳለሁ› ብለሽ ፈርሚ። ካልሆነ ልቀቂ። እስከ ቅዳሜ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ስንገባም እንዲህ ነበር!»

«ምስክር አለሽ?»

ከየት ታምጣ? ሰውየው ወረቀቱን ትተው ሲወጡ እናትየው እስክሪብቶ መፈለግ ጀመረች። ልጅቷ ልትፈነዳ!

«እማ፣ ለምን?»

«ተይኝ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ጣውላው ግን ነቅዟል!»

እናትየው ሳታስበው ሳቀች፤ መፈረሙም ለጊዜው ቀረ። ልጅቷ ሮጣ የኪራይ ውሉን ከሻንጣ አወጣች። ስድስተኛው መስመር ላይ «ተከራይ ያበላሸውን ተከራይ፣ በአገልግሎት ብዛት ያረጀውን አከራይ ያሳድሳል» ይላል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ይሄን ሁሉ የረገጠው ማን ነው?

የእናቷን የልብስ ጠመኔ አነሳችና ተንበርክካ የተበላውን ጣውላ ዳር ዳሩን አሰመረች። የሚገርማችሁ መስመሩ መኪናው ጋ ዝር አላለም! ፔዳሉ ሥር ያለው ጣውላ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። ወደ አልጋውም አይሄድም። ከበሩ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ጎረቤት ግድግዳ፣ ከዚያ ጭጭ። ጆሮዋን ለጥፋ አንኳኳች። ሌላው ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ነው፤ እዚያ ጋ ግን ቡም፣ ቡም፣ ባዶ! ባዶውን በሜትር ለካችው፣ ዘጠና ሴንቲ። የራሳቸውን በር ለካች፣ ዘጠና ሴንቲ!

ቅዳሜ አከራዩ ከች አሉ። «እህስ፣ ፈረምሽ?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ይሂዱልኝ እስቲ» አለች ልጅቷ።

ሰውየው ግራ እየገባቸው በጠመኔው መሃል ሄዱ፣ ሄዱ፣ አፍንጫቸው ግድግዳ ሊነካ ሲል ቆሙ።

«ይቀጥሉ እንጂ!»

እናትየው ሳቋን ለማፈን አፏን ያዘች።

«እ... ድሮ በር ነበር» አሉ አከራዩ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «ሁለቱ ክፍል አንድ ቤት ነበር። እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ነው ያስደፈንኩት።»

«ታዲያ የጨረስነው እኛ ነን?»

እናትየውም ቀና አለች። «እንግዲህ ጋሼ፣ ውሉ ያረጀውን አከራይ ያሳድሳል ነው የሚለው።»

«እሺ፣ እሺ! ሰኞ አናጢ እልካለሁ። ግን...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለጎረቤታችሁ ትንፍሽ እንዳትሉ። ካወራችሁ አናጢም የለ። ውል አለን ካላችሁ ፍርድ ቤት ተመላለሱ።»

ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ባለፈው ወር ያንኑ ወረቀት ፈርመው፣ ይሄው በዚያ በሚያማቸው ወገብ ተንበርክከው ጣውላ በገዛ እጃቸው እየለወጡ ነው። መንገዱ እኮ ግድግዳው ጋ አያልቅም፤ ወደ እሳቸው ክፍል ይቀጥላል!

አከራዩ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ሹፌሩ መዶሻ እንደያዙ ብቅ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ምንድነው እንዲህ ያንጫጫችሁ? ለእኔም ንገሪኝማ።»

ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን አየች። እናትየው ያበጠ እጇን በሌላው ደግፋ ቆማለች፤ «ንገሪ» አትል፣ «ተይ» አትል። ቢናገሩ፣ የፍርድ ቤቱ ምልልስ ሳያልቅ ሌላ ተረከዝ ስንጥቁ ውስጥ ቢገባስ? ዝም ቢሉስ፣ የሹፌሩ ወገብ?

እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?